የጋሽ ታፈሰ እጅ

ልጅ እያለሁ መርካቶ ሶማሌ ተራ፣ ከመኪና መለዋወጫ ሱቆች ጀርባ፣ አንዲት ጠባብ ግቢ ነበረች። አንዱ ግድግዳዋ በአሸዋ ጆንያ ተሸፍኖ ጆንያዎቹ ላይ ክብ ክብ የተሳለባቸው ወረቀቶች ይለጠፉ ነበር። የሰፈር ልጆች ቅዳሜ ከሰዓት የዒላማ ተኩስ የምንማረው እዚያ ነው። የሚያሠለጥኑን ጋሽ ታፈሰ፣ በወጣትነታቸው ተወዳድረው ዋንጫ ያመጡ፣ ኋላ ፍሬን ሸራ እየሸጡ የሚኖሩ ሰው ነበሩ። አንድ የአየር ጠመንጃ ነበራቸው፤ ጥይቷ ምስር የምታክል።

ጠመንጃዋን ከመንካታችን በፊት ግን ሱቃቸው ደጃፍ አሰልፈው ጡብ አስይዘው ክንዳችንን ዘርግተን ያቆሙናል። ኩሊው «መንገድ! መንገድ!» እያለ ይገፋናል፣ ወያላው ይጮኻል፣ ከወፍጮ ቤቱ የሚመጣው የበርበሬ ብናኝ ያስነጥሰናል። «እዚህ ያልተንቀጠቀጠ እጅ የትም አይንቀጠቀጥም» ይሉን ነበር።

አሁን የሳቸው እጅ ይንቀጠቀጣል። ሕመሙ ጸንቶባቸው ስኒ እንኳ መያዝ አቅቷቸዋል። በፋሲካ ሰሞን ልጠይቃቸው ሄጄ ቤቱ በጠያቂ ተሞልቶ አገኘሁት። ጎረቤታቸው እትዬ አሰገደች፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው፣ ሰውዬው የማይሰሙ ይመስል፣ «ምን ይደረግ፣ የጠመንጃ ዕዳ ነው። ስንቱን ልጅ ተኩስ አስተምረው በሰላም ሊያረጁ ኖሯል?» አሉ። ጠያቂው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል የሚባለው ለካ ይሄ ነው!

እነዚህ ሰዎች ጋሽ ታፈሰን ያውቋቸዋል? አንድ ቅዳሜ ከድር የሚባል ጓደኛችን፣ ለቀልድ ብሎ፣ ባዶውን ጠመንጃ ቆርቆሮ ላይ ወዳረፈች ርግብ አነጣጠረ። ጋሽ ታፈሰ ጠመንጃውን ተቀብለው፣ ሁላችንንም አስወጥተው ግቢውን ቆለፉት። በሚቀጥለው ቅዳሜም አልከፈቱትም።

ጨነቀን። መክረን መክረን፣ ከድር እንደ ትልልቆቹ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ ተባለ። ታዲያ መርካቶ የማይሸጥ ነገር የለም፣ ለይቅርታ የሚሆን ድንጋይ ግን ፈልገን አጣን። ከድር ሮጦ ከአባቱ ሱቅ ትልቁን የሚዛን ብረት አመጣና ጫንቃው ላይ ጫነው። አባቱ ሚስማር በኪሎ ይሸጡ ነበርና ብረቱን ሲያጡ እየተራገሙ ጋሽ ታፈሰ ሱቅ ድረስ ተከትለውት መጡ፤ ሳያስቡት ሽማግሌ ሆነው አረፉት። «ታፈሰ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ማረውና ብረቴን ልውሰድ! ደንበኛ ቆሞብኛል» አሉ። ጋሽ ታፈሰ ሳቁ። ግቢውንም ከፈቱልን። «ነፍስ ወዳለው ነገር አፈሙዝ ያዞረ ግን ሁለተኛ እዚህ አይገባም» አሉን። ማናችንም ሁለተኛ አላዞርንም።

የጠመንጃ ዕዳ አለባቸው የተባሉት እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው! ዝም ማለት አልቻልኩም። «እትዬ አሰገደች፣ ጋሼ በደህናው ጊዜም የበዓል ዶሮ እንኳ ማረድ አይሆንላቸውም ነበር። በየበዓሉ ማን ነበር የሚያርድላቸው? የርስዎ ባለቤት አይደሉም?» አልኩ። «ውይ! እኔ ምን አልኩ? ሰው የሚለውን ነው እንጂ» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ልጆች ሳለን ላልተተኮሰ ጥይት ይቅርታ ልንጠይቅ መድረሻ አጥተን ነበር። ዛሬ ሽማግሌ ሰው አልጋው ላይ እንዳለ እንዲህ ተብሎ፣ አንድ «አጠፋሁ» የሚል ትልቅ ሰው ከዚያ ሁሉ ጠያቂ መሃል ጠፋ። እድሜ ለምኑ ነው?

ቤቱ ጭር ሲል ጋሽ ታፈሰ ጠሩኝ። «ልጄ፣ እውነት ደም አለብኝ?» አሉኝ። «የለብዎትም ጋሼ» አልኳቸው።

እትዬ አሰገደች ያሉትን ዛሬ ቢጠየቁ አያስታውሱትም። ጋሽ ታፈሰም ሕመሙ ብዙ ነገር እያስረሳቸው ነው፤ አንዳንድ ቀን ዋንጫ ማምጣታቸውም ይጠፋባቸዋል፣ የኔም ስም ይጠፋባቸዋል። ያቺ ቃል ግን አልጠፋቻቸውም። በየእሁዱ ገና ከበር ስገባ ይጠይቁኛል፤ እኔም እንደ አዲስ እመልስላቸዋለሁ፦ «የለብዎትም ጋሼ፤ ምንም የለብዎትም።»