የታመመ ሳንባ የሚያወጣቸው ቦዮች

ድሬዳዋ የራዲዮ ዘጋቢ ሆኜ በሠራሁባቸው የደርግ ዓመታት ቀርቤ የማውቀው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሳቸውንም መጀመሪያ ያወቅኳቸው በሳላቸው ነው። ቀበሌው ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንድ የድሮ ቤት ለሁለት ከፍሎ ሲያከራይ አንዱ ክፍል ለእኔ፣ ሌላው ለእሳቸው ደረሰ። በመካከላችን ስስ የጣውላ ግድግዳ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ይተኛል። እኔ የቀን እንቅልፍ አልለመድኩም። ዜናዬን ለዋናው መሥሪያ ቤት በስልክ አንብቤ ከጨረስኩ በኋላ እስከ አስር ሰዓት ድረስ የሚያናግረኝ ሰው አልነበረም። የሚሰማኝ ሳላቸው ብቻ ነው። አንድ ቀን ግድግዳውን አንኳኩተው፣ «አቦ ጋዜጠኛ፣ ካልተኛህ ና፤ ሁለት ሆነን አንተኛ» አሉኝ።

ጡረታ የወጡ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ። ሥራቸው ጎርፍ ከመምጣቱ በፊት በሐዲዱ ሥር ያሉትን የውሃ ቱቦዎች እየዞሩ መጥረግ፣ አዲስም መቅበር ነበር። ሚስታቸው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው አግብታ ከከተማው ውጭ፣ ዋሂል የሚባል ገጠር ትኖራለች። የሳንባ ነቀርሳ ተገኝቶባቸው መርፌውን ጨርሰው ክኒን ላይ ነበሩ። ክኒኑን ከዓመት በላይ ሳያቋርጡ መዋጥ አለባቸው፤ ካቋረጡ በሽታው በርትቶ ይመለሳል። ሆዳቸውን ስለሚያውካቸው ግን በየቀኑ ከክኒኑ ጋር ይጣላሉ።

ስለ ሳንባ ለመጻፍ የተነሳሁት በእሳቸው ምክንያት ነው። ያነጋገርኩት ሐኪም ከታመመ ሳንባ የተወሰደ ስስ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ አሳየኝ።

«ቀይ ነገር የሞላባቸው የደም ሥሮች ናቸው» አለኝ። «እነዚያ ባዶ የሚመስሉት ደግሞ የሊምፍ ሥሮች ናቸው።»

የሊምፍ ሥሮች በሳንባ ውስጥ የሚጠራቀመውን ትርፍ ውሃ ሰብስበው ያወጣሉ። በበሽታው የተቆጣ ሳንባ ሲቆይ አዳዲስ የሊምፍ ሥሮች ያበቅላል፤ ባየሁት ቁራጭ ላይም በዝተው ነበር። ይህ ለበሽተኛው ይበጀዋል ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«ምናልባት ውሃውን ያደርቁለት ይሆናል። ምናልባት ደግሞ በሽታውን ተሸክመው ወደ ንፍፊቱ ያደርሱበት ይሆናል። አናውቅም።»

ያለውን ሁሉ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ዜናውን ሳሰናዳ ግን «ምናልባት» ያለውን፣ ስለ ንፍፊቱ ያለውንና «አናውቅም» ያለውን ሰረዝኩ። ማንም አላዘዘኝም። በዚያን ጊዜ በዜናችን ውስጥ ምርት ያድጋል፣ ዘመቻ ይሳካል፤ «አናውቅም» የሚል ቃል በአርታኢው በኩል እንደማያልፍ ስለማውቅ እዚሁ ቆርጬ መላክ ልማዴ ነበር። በራዲዮ የተላለፈው፣ የታመመ ሳንባ ትርፍ ውሃ የሚያፈስስበት አዳዲስ ቦይ ያወጣል የሚል ነበር። ቦይ ያልኩት እኔ ነኝ። ከእሳቸው ሥራ የተዋስኩት ነው።

በማግስቱ ገና ከበር፣ «ወላሂ ጥሩ ነገር ተናገርክ» አሉኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ ቱቦ ስጠርግ ሳንባዬ አይቶ ሙያውን ተምሯል ማለት ነው።»

«ደመወዝ እንዳይጠይቅዎት።»

«ጡረታ ብሎ እንዳያስቸግረኝ እንጂ!»

ከዚያ ወዲህ ሆዳቸው ተረጋጋ፤ ምግብም ይበሉ ጀመር። እየዳኑ ነው አልኩ። ያየሁትን መጻፍ ብቻ ሳይሆን ያላየሁትንም መጠየቅ ሥራዬ መሆኑን የረሳሁት ያን ጊዜ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ ሳሉ ተመለሰ፤ የበፊቱ ዓይነት አልነበረም። ገብቼ ሳያቸው አንገታቸው ሥር ንፍፊት አብጧል፤ ትኩሳቱ አድክሟቸዋል። ውሃ ልሰጣቸው ኩባያ ስፈልግ አልጋው ሥር ያገኘሁት የወተት ጣሳ ክኒን ሞልቶበታል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ቦይ ከወጣ ውሃው ይሄዳል። ክኒኑ ምን ያደርግልኛል? ራስህ አይደለህ በራዲዮ ያልከው?»

«ሐኪሙ አናውቅም ብሎ ነበር። ወደ ንፍፊት ሊወስደውም ይችላል ብሎ ነበር።»

«መቼ?»

«ያኔውኑ። እኔ ነኝ የቆረጥኩት።»

አንገታቸውን በሁለት ጣታቸው ዳበሱ። ቆጣ ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር።

«አየህ፣ እኛ ቱቦ ስንቀብር» አሉ፣ «መጀመሪያ ሄደን የምናየው መውጫውን ነው። የሰው ቤት ላይ ከሆነ የሚወጣው፣ አንቀብረውም።»

በማግስቱ ጠዋት በጋሪ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። መርፌው እንደገና ከአንድ ተጀመረ። በየጠዋቱ እየወሰድኳቸው ሳለ ለዋናው መሥሪያ ቤት ማስተካከያ በስልክ አነበብኩ። አርታኢው፣ «ማን ጠየቀህ?» ብሎ ወደ ሌላው ዜና አለፈ። ማስተካከያው አልተላለፈም።

መርፌው ሲያልቅ ልጃቸው መጥታ ዋሂል ወሰደቻቸው። ከመሄዳቸው በፊት ማስታወሻዬን አምጥቼ የሐኪሙን ቃል፣ የሰረዝኩትንም ጨምሬ አነበብኩላቸው። ልጃቸው ቆማ ሰማች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የክኒኑን ጣሳ የያዘችው እሷ ነበረች።

ከወራት በኋላ ከዋሂል ሽንኩርት የጫነ አንድ ሾፌር መልእክታቸውን አደረሰኝ፦ «ክኒኑን እየዋጥኩ ነው፤ ልጄ ቆማ ታስውጠኛለች። ቦዩ ወዴት እንደሚወጣ ሐኪሞቹ ሲያውቁ ንገረኝ።»

ቀበሌው ክፍላቸውን ለአንድ ወጣት ጸሐፊ ሰጠው። ጤነኛ ልጅ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ እንደ ከተማው ሁሉ ይተኛል። እኔ ዜናዬን በስልክ አንብቤ እመለስና አስር ሰዓት እስኪሆን ከጣውላው ግድግዳ አጠገብ እቀመጥ ነበር። ምንም አይሰማም ነበር።