በበረኪና ያደረቅሁት ኮስሞስ

ይህን ለባሌ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴ እንኳ ደብቄያለሁ። እናንተ ስሙኝ።

ቤቴል ስንኖር አጥር የምንጋራቸው እማማ ሩቂያ በአጥሩ ሥር ኮስሞስ የሚባል አበባ ይዘሩ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ሮዙም ነጩም ከቆርቆሮው በላይ ብቅ ይልና መንገደኛውን ያስቆመዋል። ዘር ብለምናቸው በፌስታል ሰጡኝ። የእኔ ከሳቸው እንዲበልጥ ብዬ መሬቱን በፍግ ሞላሁት። ቁመቱ እኔን አለፈኝ፤ አበባ ግን የለውም፣ ቅጠል ብቻ። ክፉ ልቤ ምን አለኝ? «የማይረባውን ዘር መርጠው ነው የሰጡሽ።»

አንድ ጠዋት ገበያ ሲወጡ ጠብቄ በአጥሩ ቀዳዳ አበባቸው ላይ በረኪና ደፋሁ። እኔ ነኝ። በገዛ እጄ። ያ ሁሉ እንቡጥ ሳይፈካ ደረቀ።

እሳቸው ግቢ መሠረት የምትባል ተከራይ ነበረች፤ የሰው ልብስ እያጠበች ልጇን ታሳድጋለች። «የልብስ እጣቢሽ ነው የፈጀብኝ» አሏት።

«እማማ፣ ልጄን ይንሳኝ! እዚያ ደፍቼ አላውቅም!»

ስታለቅስ ከአጥሩ ወዲህ ቆሜ እሰማለሁ። ሰማሁና ዝም አልኩ። ብዙም ሳይቆይ ውጪልኝ አሏትና ልጇን አዝላ ቤቱን ለቀቀች። አንዲት ቃል ማውጣት ምን አቃተኝ? አበባውን ማድረቄ ሳያንስ ሰው አስባረርኩ።

ዓመታት አለፉ። ዘንድሮ አልቻልኩም፤ እማማ ሩቂያ ዘንድ ገብቼ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሲሰሙኝ ቆዩና፣ «ዘሩማ አንድ ነበር። ኮስሞስ ፍግ ሲበዛበት ቅጠል ብቻ ይሆናል። ምነው ብትጠይቂኝ?» አሉ። ቀጥለው፣ «ለአበባው አውፍ ብዬሻለሁ። የልጅቷ ግን የሁለታችንም በደል ነው። ተነሽ፣ እንሂድ።»

አጠያይቀን አየር ጤና፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ላውንደሪ ከፍታ አገኘናት። ቆሜ ነገርኳት። ካውያዋን አስቀመጠች።

«እኔማ እንዳላደረግኩት አውቃለሁ» አለች። «ሌላ ሰው እንዲያውቅልኝ ነበር የምፈልገው።»

እማማ ሩቂያ ጉልበቷን ሊይዙ ጎንበስ ሲሉ «ኧረ በፈጠረዎ!» ብላ አቅፋ አነሳቻቸው፤ ሁለቱም አለቀሱ። እኔን አላቀፈችኝም። ይቅር ብዬሻለሁም አላለችኝም። እኔም ይቅር በይኝ ብዬ አላስጨነቅኳት፤ ብትፈልግ በጊዜዋ ትበለው፣ ባትለውም እውነት አላት።

በታክሲው መስኮት ነፋሱ ፊቴን ሲነካኝ ስንት ዓመት ተሸክሜው የኖርኩት ነገር ከደረቴ ወርዶ ነበር። እናንተ ግን ተሳስታ ነው አትበሉልኝ። አልተሳሳትኩም፤ ቀንቼ ነው።