አረፋው ሳይደርቅ

ልጄ ከእኔ ጋር የሠራችው ሁለት ወር ለማይሞላ ጊዜ ነው። ካዛንቺስ ውስጥ የአንድ ድራፍት ቤት ኃላፊ ነበርኩ። እሷ ኮሌጅ ተዘግቶ እረፍት ላይ ነበረች፤ ቤት ከምትቀመጥ ሥራ ትልመድ ብዬ ሽርጥ አስታጠቅኳት። ያደረግኩት ለእሷ ብዬ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። መስተንግዶን የተማርኩት ስታዲየም አካባቢ አስፋልት ዳር ከገዛሁት አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ ለመጨረስ አንድ ክረምት ፈጀብኝ። ያን ጊዜ በየድራፍት ቤቱ እንግዳው እጁ እስኪቀላ ያጨበጭብ ነበር። አስተናጋጆቹ ጥግ ተሰብስበው ያወራሉ። ጃምቦው፣ ያ ባለ እጀታው ትልቅ ብርጭቆ፣ ግማሹ አረፋ ሆኖ ይመጣል። እኔ ይህን አስቀረሁ። «እንግዳ ካጨበጨበ ጥፋቱ የእናንተ ነው» አልኳቸው። ብርጭቆ ሳይታጠብ ዳግም እንዳይቀዳበት አደረግኩ። ባዶ ብርጭቆ ደግሞ አረፋው ከውስጥ ሳይደርቅበት ከጠረጴዛ መነሳት አለበት አልኩ። ይህ የመጨረሻው ከመጽሐፉ የወሰድኩት አይደለም፤ የራሴ ነው። እኮራበት ነበር።

አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ነበሩን። ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ሁልጊዜ ክራቫት ያስራሉ። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ነው መምጣት የጀመሩት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥተው መስኮቱ አጠገብ ይቀመጡና አንድ ጃምቦ ያዛሉ። ታክሲውን፣ አላፊ አግዳሚውን እያዩ ቀስ ብለው ይጠጣሉ። ብርጭቆው ሲያልቅ አስተናጋጅ ያነሳዋል፤ እሳቸውም «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ይወጣሉ። እኔ ይህን ጥሩ አሠራር ነው እል ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ የእሳቸው ብርጭቆ ባዶውን እንደተቀመጠ አየሁ። አረፋው ደርቆ እንደ ኖራ ተጣብቋል። ልጄን ጠራኋት።

«ያ ብርጭቆ ለምን አልተነሳም?»

«አባዬ፣ ካነሳሁባቸው እኮ ይሄዳሉ።»

«ይሂዱ። ወንበሩ ለሌላ ሰው ነው።»

ዙሪያዋን ቃኘች። ቤቱ ውስጥ ከሽማግሌው በቀር ማንም አልነበረም።

«ለየትኛው ሰው?» አለችኝ።

እውነቷን ነበር፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ራሴ ሄጄ ብርጭቆውን አነሳሁ። «ልጨምርልዎት?» አልኳቸው፣ መልሱን እያወቅኩ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አነሱና «የለም፣ በቃኝ» ብለው ወጡ። ከዚያ ተመልሼ አስተናጋጆቹ ሁሉ እየሰሙ «ቤት ውስጥ ልጄ ነሽ፤ እዚህ ግን ሠራተኛ ነሽ፤ ደንብ ካልገባሽ ከእንግዳ ፊት አትቁሚ» አልኳት። ሽርጧን ፈታች፣ በአራት አጠፈችው፣ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችውና ሄደች።

ሽማግሌው ከዚያ ወዲህ አልመጡም። ምን እንደሆኑ አላውቅም፤ አልጠየቅኩም።

ልጄ ተመረቀች፤ ሐዋሳ ሥራ ይዛ እዚያው አገባች። እናቷ በሕይወት ሳለች ትመላለስ ነበር። እናቷ ካረፈች በኋላ በበዓል በበዓል ትደውላለች። «ደህና ነህ አባዬ? በላህ?» ትላለች። «ደህና ነኝ፣ በላሁ» እላለሁ። በቃ፣ ያልቃል። አልተጣላችኝም፤ ግን ለእኔም እንደ እንግዳ ትጠነቀቅልኛለች።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ቤቱ ዝም ይልብኝ ጀመር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግድግዳው ይጠብበኛል። ስለዚህ ወደ ደምበል ወርጄ አንድ ድራፍት ቤት መቀመጥ ለመድኩ። አንድ ጃምቦ ይበቃኛል፤ ሐኪምም ከዚያ በላይ ከልክሎኛል። ቀስ ብዬ ነው የምጠጣው። መጨረሻ ላይ አንድ ጉንጭ የምታህል አስቀርቼ እጄን ብርጭቆው ላይ አደርጋለሁ።

አንድ ረቡዕ ራሴን ረሳሁና ጨረስኩት። አስተናጋጇ ወዲያው ደረሰች፤ ንጹሕ ሽርጥ፣ ቀልጠፍ ያለች ልጅ። «ልጨምርልዎት አባባ?» አለችና መልሴን ሳትጠብቅ ብርጭቆውን አነሳች። ጥፋት አልነበረባትም። እንደ እኔ ያለ ሰው በደንብ አስተምሯታል። ጠረጴዛው ላይ የቀረው የውሃ ክብ ብቻ ነበር፤ እሱንም በጨርቅ ጠረገችው። ብድግ አልኩ።

መንገድ ላይ ቆሜ ልጄ ጋ ደወልኩ።

«አባዬ? ምነው፣ ታመምክ?» በዓል አልነበረማ።

ይቅርታ ልላት ነበር የደወልኩት። ለዓመታት ለሰው ሁሉ ደንብ ያስተማርኩ ሰው ይህችን አንዲት ቃል ማውጣት አቃተኝ።

«ብርጭቆዬን አነሱብኝ» አልኳት።

ስለ ምን እንደማወራ ወዲያው ገባት።

«ባዶ ነበር?» አለችኝ።

«ባዶ ነበር።»

«ታዲያ ወጣህ?»

«ወጣሁ።»

ከእሷ በኩል የሕፃን ድምፅ ይሰማል፤ ከእኔ በኩል የታክሲ ረዳት ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ እያለ ይጣራል።

«አባዬ» አለች በመጨረሻ፣ «ሰዓቱ ገና ነው እኮ። እስቲ ተመለስና ቁጭ በል። ስልኩን አልዘጋውም።»

ተመልሼ ገባሁ። መስኮቱ አጠገብ ያለ ወንበር ስቤ ምንም ሳላዝ ተቀመጥኩ።