ብድግ የምትለዋ ማስተዋል

ማስተዋል ጎንደር ከተማ ውስጥ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል፣ መስኮት ቁጥር ሦስት ላይ መሥራት ከጀመረች አሥራ ስድስት ዓመት ሆናት። ከአዘዞ በሚኒባስ ተቀምጣ ትመጣለች፣ ተቀምጣ ትውላለች፣ ተቀምጣ ትመለሳለች። ዘንድሮ ወገቧን ይዟት ቀኝ እግሯ ይደነዝዝ ጀመር። የወገብ ሕክምና ባለሙያዋ ሶሊያና፣ «በየግማሽ ሰዓቱ ተነሽ፤ አሥር ጊዜ ቁጭ ብድግ በይ። ችላ ካልሽው እግርሽን ታጪዋለሽ» አለቻት።

በነጋታው ማስተዋል መደርደሪያው ሥር ቁጭ ብድግ ስትል ወረፋው በሳቅ አለቀ። ኃላፊዋ አቶ ኪዳነወልድ ግን አልሳቁም። «ይሄ ጂም አይደለም! ካልቻልሽ ወንበሩን የሚፈልግ ሞልቷል» አሏት። ሰውየው ራሳቸው ከወንበራቸው የሚነሱት ለምሳ ብቻ ነው፤ እሱንም እያቃሰቱ።

ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ምን ትበል? ዘዴ ግን አላጣችም። ሽማግሌ ወይም አሮጊት ወደ መስኮቷ ሲመጣ «ኖር!» ብላ ብድግ ማለት ጀመረች። «በእግዚአብሔር! ተቀመጪ የኔ ልጅ» ይሏታል። ትቀመጣለች፤ ሌላ ሽበት ስታይ ደግሞ ትነሳለች። ሰው አከበረች ብሎ ማን ይከሳታል? አቶ ኪዳነወልድ ሳይቀሩ «ምግባር እንደ ማስተዋል!» እያሉ አመሰገኗት።

ክረምት ሲገባ ግን ገበሬው እርሻው ላይ ዋለ፤ ባለጉዳይ ቀነሰ። አንድም ሽማግሌ ሳይመጣ የሚመሽበት ቀን በዛ። ማስተዋልም ከወንበሯ ሳትነሳ ትውል ጀመር።

በሐምሌ ወር፣ አንድ ማክሰኞ ቀን አባቷ አያ ሙሉሰው ከኮሶዬ መጡ። ገና ከበሩ ሲያዩዋት ፊታቸው በራ። የሌሎቹን መስኮቶች ተራ ይዞ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሁሉ «ኖር!» ብሎ ተነሳላቸው። ማስተዋል ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ተጭና ሞከረች፤ እግሯ አልታዘዛትም። እንደተቀመጠች «ኖር» አለች።

አባቷ ቀዝቀዝ አሉ። «ምነው ልጄ? ለባዳው ሁሉ ትነሳለች ሲሉ ሰምቼ፣ ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁ። ለእኔ ሲሆን ከበደሽ?»

ኃላፊዋ ከኋላዋ ቆመዋል። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» አለች። መስኮቷ ላይ ግን አንድም ባለጉዳይ አልነበረም። አያ ሙሉሰው ያመጡላትን ቆሎ አስቀምጠው ዞሩ። በሩ ላይ ሲደርሱ ማስተዋል አላስቻላትም።

«አባዬ! እግሬ አልነሳ ብሎኝ ነው!»

ሽማግሌው ዱላቸውን ጥለው፣ በሠራተኞቹ በር ገብተው ብብቷን ያዙ። ከፍ ሲያደርጓት ቀኝ እግሯ ተንጠለጠለ። «በእግዚአብሔር፣ ተቀመጪ ልጄ፣ ተቀመጪ» አሉ።

«አይ አባዬ፣ አንሱኝ» አለች አንገታቸውን እንደያዘች። «እዚያ ወንበር ላይ አይመልሱኝ።»