የአሥራ አንድ እሑድ ብድር

ሃያ ሁለት አልጋ ማንጠፍ።
የሽንት ዕቃ ማንሣት፣ ማጠብ፣ መመለስ።
መነሣት የማይችሉትን ገላ ማጠብ።
ቁርስ ማደል፤ እጁ የማይታዘዝለትን ማጉረስ።
የደም ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ማድረስ።
ወደ ቀዶ ሕክምና የሚሄደውን በተሽከርካሪ አልጋ መግፋት።
የተለየ ነገር ሲያጋጥም ለነርስ መንገር።

በወንዶች የቀዶ ሕክምና ክፍል የአንዲት ረዳት የቀን ሥራ ይኸው ነው። የዚህ ታሪክ ባለቤት ይህን ሥራ አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች፤ ከዝርዝሩም ሁሉ አጥብቃ የያዘችው የመጨረሻውን ነበር። የሕመምተኛ ከንፈር ሲደርቅ፣ ፋሻ ሲረጥብ፣ ግሉኮስ ሊያልቅ ሁለት ጣት ሲቀረው፣ ከነርሶቹ ጠረጴዛ ፊት ቆማ ትገኛለች። ስለዚህ «ሬዲዮ» የሚል ስም ወጣላት። እሷም ስሙን አልጠላችውም። አይቶ እንዳላየ ከሚያልፍ ረዳት ሬዲዮ ይሻላል ብላ ተቀበለችው።

በሠላሳ አምስት ዓመቷ የነርስነት ትምህርቷን በማታ ጨርሳ ተመረቀች። ሆኖም ዲፕሎማ ብቻውን ነጭ ጋወን አያስለብስም፤ የሙያ ፈቃድ ፈተናውን ማለፍ ግድ ነው። ተፈተነች። በአራት ነጥብ ወደቀች።

ኃላፊዋ ነርስ ቃሏ እንደ ማኅተም የማይፋቅ ሴት ነበረች። ወደ ቢሮዋ አስጠራቻት።

«አንድ የነርስ መደብ ይዤልሻለሁ። የምይዘው ግን እስከሚቀጥለው ፈተና ብቻ ነው። አሥራ አንድ ሳምንት አለሽ። ከወደቅሽ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ኋላ አልነገርሽኝም እንዳትዪኝ።»

«አልልም፣ ሲስተር።»

ችግሩ የጊዜ ነበር። የሳምንት ዕረፍቷ ረቡዕ ነው። ረቡዕ ደግሞ ቤቱ ለጥናት አይመችም፤ አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ሱቃቸውም የቤቱ የፊት ክፍል ነው። የመኪናው ጩኸትና የደንበኛው ክርክር ጋብ የሚለው እሑድ ብቻ ነው፤ እሑድ ግን እሷ ፈረቃ ትገባለች። ይህን ጭንቀቷን አንሶላ በሚታጠፍበት ክፍል ውስጥ ለባልደረባዋ አጫወተቻት። ባልደረባዋ እንደ እሷው ረዳት ናት፤ ከኮሪደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ስትጓዝ መንገድ የማይለቅላት ስለሌለ «ባቡር» ይሏታል።

«የእኔ ዕረፍት እሑድ ነው፤ እሑዶችሽን እኔ እገባልሻለሁ» አለች ባቡር፣ ከአንሶላው ላይ ዓይኗን ሳታነሣ።

«አሥራ አንዱንም?»

«አሥራ አንዱንም። ግን ብድር ነው፤ ስጦታ እንዳይመስልሽ።»

«በምን ልከፍልሽ?»

«በእሑድ የተበደረ በእሑድ ይከፍላል። ብታልፊም ብትወድቂም፣ ከፈተናው በኋላ የዕረፍት ቀናችን ሲቀያየር፣ ይቺኑ አረንጓዴ ጋወንሽን ለብሰሽ የእኔን ፈረቃ ትገቢልኛለሽ።»

«ነርስ ከሆንኩ በኋላ የሽንት ዕቃ ልታስነሺኝ?»

«ምነው? ነርስ ሲሆኑ እጅ ያጥራል እንዴ?»

ባቡር ይህን ብላ እርሳስ ከኪሷ አወጣች፤ በአንሶላው ቁም ሣጥን መዝጊያ ውስጠኛ ገጽ ላይ «እሑድ» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩ ለሰረዝ የሚሆን ቦታ ተወች።

በመጀመሪያው እሑድ አባትየው መነጽራቸውን አድርገው፣ መጽሐፉን በስፌት መኪናው ላይ ዘርግተው ያነቡላት ጀመር።

«‹ከቀዶ ሕክምና የተመለሰ ሕመምተኛ እግሬን አመመኝ አለ። በመጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ? ሀ፣ ማስታገሻ እሰጠዋለሁ። ለ፣ ለሐኪም እነግራለሁ። ሐ፣ እግሩን አያለሁ። መ፣ በካርዱ ላይ እጽፋለሁ።›»

«ለ።»

አባትየው በመጽሐፉ መጨረሻ ያለውን የመልስ ገጽ ገለጡ። «አይደለም።»

ሁለተኛውን ጠየቋት፤ እነግራለሁ አለች። አምስተኛውንም እነግራለሁ አለች። ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ከመንገር ሌላ ሥራ የለሽም?»

«አባዬ፣ እኛ ጋ እንደዚህ ነው የሚሠራው። ካየሁ እናገራለሁ። ካልተናገርኩ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ካየሁ አልሽ። የሰውዬውን እግር መቼ አየሽው? አመመኝ አለ እንጂ።»

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ገልጣ ደግማ አነበበችው።

«ደንበኛ መጥቶ ሱሪ ስፋልኝ ቢለኝ በመጀመሪያ ምን አነሣለሁ? መቀስ?»

«ሜትር።»

«መቀሱስ? ክሩስ? ውሸት ናቸው?»

«ልክ ናቸው። ግን ከዚያ በኋላ ነው የሚመጡት።»

«እንግዲያውስ! አራቱም ልክ ነው፤ የሚጠይቁሽ ቀዳሚውን ነው። ሳይለኩ የቆረጡት ሱሪ ባለቤቱን አይደርሰውም። በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል። አንዱን ገዢ አጥቼ ይኸው እኔው ለብሼዋለሁ።»

ጎንበስ ብላ አየች። የአባቷ ሱሪ ከቁርጭምጭሚታቸው አራት ጣት ከፍ ብሎ ቆሟል። ስንት ዓመት ሙሉ ያየችው ሱሪ ነው፤ ፋሽን ይመስላት ነበር።

በዚያው ዕለት የመውደቋ ምክንያት ወለል ብሎ ታያት። «በመጀመሪያ» የሚል ቃል ባለበት ጥያቄ ሁሉ የመለሰችው ነርሷ ሳትሆን ረዳቷ ነበረች። ረዳት ቀዳሚ ሥራዋ መንገር ነው፤ ይህን አሥራ አራት ዓመት ሳታጓድል ፈጽማለች፤ ፈተናው ግን የሚጠይቀው የነርስን ቀዳሚ ሥራ ነው። ስንፍና ቢሆን ኖሮ በትጋት ይድን ነበር። የእሷ በሽታ ትጋቷ ራሱ ነበር፤ ስለዚህም መድኃኒቱ ጊዜ ፈጀ። አባትየው የልኬት ሜትራቸውን ከፊቷ አስቀመጡ፤ «እነግራለሁ» ለማለት አፏን ስትከፍት አንሥተው ያሳዩዋታል፤ እሷም አፏን ትዘጋለች። አንዳንድ እሑድ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይሏታል፤ አንዳንድ እሑድ ምንም አይሏትም፣ ሱሪያቸውን ብቻ ከፍ ያደርጋሉ።

ሰኞ ሰኞ ባቡር የእሑዱን ወሬ ታቀብላታለች።

«ሰባተኛ አልጋ ያሉት አባት ‹ሬዲዮዋ የት ሄደች? ዛሬ ዜና የለም እንዴ?› አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«ባትሪ ልትሞላ ሄዳለች አልኳቸው።»

በቁም ሣጥኑ መዝጊያ ላይ ሰረዞቹ አሥራ አንድ ሞሉ። ፈተናው ደረሰ።

ጥያቄዎቹ ሁለት መቶ ነበሩ። «በመጀመሪያ» የሚለውን ቃል ባየች ቁጥር እርሳሷን ታስቀምጣለች፤ አንዴ ትተነፍሳለች፤ ሕመምተኛው ታይቷል ወይስ አልታየም ብላ ራሷን ትጠይቃለች፤ ከዚያ ታነሣዋለች። አንድ ቦታ ላይ እጇ ቀድሟት «እነግራለሁ» የሚለውን አጠቆረ። የአባቷ ቁርጭምጭሚት ትዝ አላት። አጠፋችው፤ አስተካከለችው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ውጤቱ ወጣ፤ በአሥራ ዘጠኝ ነጥብ ብልጫ አልፋለች። አባትየው ወሬውን ሲሰሙ «አጭር ሱሪም ይጠቅማል» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በዚያ ቀን ግን አንድ የኮት እጅጌ ገልብጠው ሰፉ።

ነጭ ጋወን ለብሳ በገባች በመጀመሪያው ቀን፣ ዘጠነኛ አልጋ ላይ የተኛ ጎልማሳ «እህቴ፣ ግሉኮስ የገባበት ቦታ አበጠብኝ» አላት። እሷም እንደ ልማዷ ወደ ኮሪደሩ ዞራ ጮኸች።

«ነርስ ጥሩልኝ!»

ሰውዬው ከላይ እስከ ታች አያት። «አንቺስ ምንድን ነሽ? ጋወኑን ተውሰሽው ነው?»

ባቡር አንሶላ ተሸክማ በአጠገባቸው ስታልፍ «ይታገሡ፣ አዲስ ጣቢያ ነው፤ ሞገዱ ገና አልተስተካከለም» አለችው።

ሬዲዮ ፊቷ በእፍረት ጋለ። ግን ወደ አልጋው ተመለሰች። ክንዱን አየች፣ ዳሰሰች፤ ያመው እንደሆነ ጠየቀች። የግሉኮሱን ፍሰት ዘጋች፤ መርፌውን ነቀለች፤ ክንዱን በትራስ ከፍ አድርጋ አስቀመጠች። በካርዱ ላይ ጻፈች። ነገሩን ለሐኪም የተናገረችው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ኃላፊዋ በሩ ላይ ቆማ ስትመለከት ኖሮ «ቅደም ተከተሉ ልክ ነው፤ ጩኸቱ ይቀነስ» ብላ ሄደች።

በዚያው ሳምንት ሬዲዮ ወደ ኃላፊዋ ቢሮ ገብታ አሥራ አንድ እሑድ በረዳትነት ለመግባት ጠየቀች።

«ነጭ የለበሰ የአረንጓዴ ፈረቃ አይገባም።»

«በነጭ ለመግባት አይደለም የጠየቅሁት፣ ሲስተር። ብድር አለብኝ።»

ኃላፊዋ ብዕሯን በጠረጴዛው ጠርዝ ልክ አስተካክላ አስቀመጠች። «በዕረፍትሽ ቀን ይሁን። ስምሽ ከረዳቶች ዝርዝር ላይ ይጻፍ። መርፌ ግን እንዳትነኪ» አለች።

የነርስነት ዕረፍቷ እሑድ ነበር። እሑድ እሑድ አሮጌውን አረንጓዴ ጋወን ለብሳ አልጋ አነጠፈች፣ የሽንት ዕቃ አጠበች፣ አጎረሰች፣ አልጋ ገፋች፤ የተለየ ነገር ስታይም ለተረኛው ነርስ ነገረች። አንዳንዶቹ ነርሶች አኮረፏት፤ ማዕረጋችንን አወረደችው አሉ። ከሕመምተኞቹ አንዱ ደግሞ አዘነላት።

«ትናንት ነጭ፣ ዛሬ አረንጓዴ። ምን አጥፍተሽ ነው?»

«አላጠፋሁም፣ ወንድሜ። ተበድሬ ነው።»

ባቡር በነዚያ እሑዶች ምን እንደምትሠራ ሲጠይቋት «እተኛለሁ» ትላለች። እውነቷን ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ግን ልቧ ራራ።

«ይብቃሽ፤ የቀረውን ምሬሻለሁ።»

«በእሑድ የተበደረ በእሑድ ይከፍላል ያለው ማን ነበር?»

«እኔ ነኛ። አፌ አያርፍ!»

«እንግዲያው ሂጂና ተኚ።»

በአሥራ አንደኛው እሑድ፣ የቀኑ ፈረቃ ሲያበቃ፣ ሬዲዮ የአንሶላውን ቁም ሣጥን ከፈተች፤ የመጨረሻውን ሰረዝ በላጲስ አጠፋች፤ መዝጊያውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለች። አረንጓዴውን ጋወን አጥፋ ወደ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ላከችው።

አሥራ አንድ እሑድ ተበድራ ነበር፤ አሥራ አንድ እሑድ መለሰች። ዕዳው በሙሉ ተከፍሏል።