በክብሪት እንጨት የጠረግኩት ዓይን

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ነው። ያኔ ምንም ስላልተሰማኝ ይሆናል እስካሁን የማስበው።

አቃቂ፣ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ውስጥ በያጅ ነኝ። ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ወገቤ አልታጠፍ፣ አልዘረጋ ይለኝ ነበር። ወጌሻ አሸኝ፣ ጠበል ተጠመቅሁ፤ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ሐኪሙ ዳሌና አከርካሪ የሚገናኙበት መጋጠሚያ ሳይቆጣ አይቀርም ብሎ ኤምአርአይ አዘዘልኝ። ሁለት ወር ወረፋ ጠበቅሁ። ሕመሙ አደንዝዞኝ ስለነበር ተራዬ ሲደርስም ደስ አላለኝም።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ነርሷ ቅጽ ይዛ፣ "ዓይንህ ውስጥ ብረት ገብቶ ያውቃል?" አለችኝ።

"አያውቅም" አልኩ። መዋሸቴ አልነበረም። እኛ ጋ ብረት ከምንሞርድበት ግራይንደር የሚወጣ ፍንጣሪ ዓይን ውስጥ ቢገባ ጉዳት አይባልም። ክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ይጠቀለላል፣ ይጠረጋል፣ ወደ ሥራ! ጠራጊው ደግሞ እኔ ነኝ። እጄ አይንቀጠቀጥም፤ የራሴንም በመስታወት እያየሁ እጠርጋለሁ።

ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት እናት እጄ ላይ ያለውን የእሳት ጠባሳ አዩ።

"በያጅ ነህ እንዴ ልጄ?"

"አዎ እማማ።"

"ታዲያ ለምን አያውቅም አልካት? ባለቤቴም በያጅ ነበር፤ እዚህ ሲመጣ መጀመሪያ ዓይኑን ነው ያዩት። ማሽኑ ማግኔት ነው፣ የቀረ ብረት ካለ ይጎትተዋል።"

"ወጥቷል እኮ።"

"ማን አየልህ? ተነስ! ተራህ ቢያልፍ ሌላ ተራ ይመጣል። ዓይን ግን አይተካም።"

ንዝንዛቸውን ለመገላገል ብዬ ተነሳሁና ለነርሷ ነገርኳት። ዓይኔን ራጅ አነሱኝ። ቀኙ ውስጥ አንዲት ነጭ ነጥብ ታየች።

"ይህን ይዘህ ገብተህ ቢሆን ዓይንህ ሊጠፋ ይችል ነበር" አለኝ ሐኪሙ።

"እሺ" አልኩት። ከክፍሉ ወጣሁ። ወደ መጠበቂያው ስመለስ እናትየዋ ከወንበራቸው ላይ የሉም። ሳላመሰግናቸው ቀረሁ።

ብረቱ በኦፕሬሽን ወጣልኝ፤ ኤምአርአዩንም በኋላ ተነሳሁ። መድኃኒት ጀምሬ አሁን ጠዋት ጠዋት ይሻለኛል።

ሥራ በተመለስኩ ቀን አንድ ባልደረባዬ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ መጣ። ክብሪቱንና ጥጡን ራሱ ይዞልኛል።

"በል ቶሎ በልልኝ!"

ክብሪቱን ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት። "ተነስ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ" ስለው ሳቀብኝ።

"ምነው፣ ፈራህ እንዴ?"

አዎ፣ ፈራሁ። አሁንም እፈራለሁ። ለራሴ ዓይን አይደለም። ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ዓይን ስጠርግ ስንቱን "ንጹሕ ነው፣ ሂድ" ብዬ እንደሸኘሁ አላውቅም።