ከቆዳዬ ሥር የደበቅሁት

ጦር ሜዳ ወገቤን የመታኝ ፍንጣሪ ወጥቶልኛል፤ ሕመሙ ግን አልወጣም። ሁለት ዓመት ስቃትት ከኖርሁ በኋላ ለሕክምና ውጭ አገር ተላክሁ። እዚያ አከርካሪዬ አጠገብ ቀጭን ሽቦ፣ ጎኔ ላይ ደግሞ ከቆዳዬ ሥር ከሽቦው ጋር የተያያዘ የሳንቲም ያህል ክብ ነገር ቀበሩልኝ። አብሮ የተሰጠኝን የባትሪ ሳጥን ቀበቶዬ ላይ አንጠልጥዬ የሳጥኑን አንቴና ጎኔ ላይ ካለው ጉብታ ላይ ስለጥፍ፣ ወገቤን ይነዝረኝና ሕመሙ ጥርግ ይላል። ለካ ሰው ያለ ሕመም ቁጭ ብሎ ምሳውን መብላት ይችላል!

አዋሳ ስመለስ ለማንም አልተናገርሁም። በዚያ ዘመን አንቴና ያለው ሳጥን የታጠቀ ሰው ምን እንደሚባል የኖረበት ያውቀዋል። ሰላይ ለመባል ከዚያ ያነሰም ይበቃ ነበር። የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው፤ ሳጥኑን ከሸሚዜ ሥር አድርጌ ለእሷም ደበቅሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ የደበቅሁት መድኃኒቱን ነበር።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ከጋሪ ወደቅሁ። ወገቤን ወለም አለኝ እንጂ የከፋ ነገር አልነበረም። እናቴ ግን እኔን ሳትጠይቅ ወጌሻ ይዛ መጣች፤ ሳጥኑን ፍራሹ ሥር ለመወሸቅ ብቻ ደረስሁ። ጎረቤታችን፣ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ፣ ሊጠይቀኝ ተከትሏቸው ገባ። ወጌሻው በሆዴ አስተኝተው ወገቤን በቅቤ እያሹ ጎኔ ላይ ደረሱ።

«ይኸው፣ ቦታውን የለቀቀው አጥንት ይህ ነው» አሉ። «ልጄ፣ ጥርስህን ንከስ።»

«አባቴ፣ ይተዉት፤ ሐኪም ያስገባው ዕቃ ነው» ማለት ይበቃ ነበር። ጎረቤቴ የምን ዕቃ ቢለኝስ? ጥርሴን ነከስሁ። ወጌሻው ባለ በሌለ ኃይላቸው ሁለት ጊዜ ገፉት። ውስጤ አንድ ነገር ሲንሸራተት ተሰማኝ።

ከዚያ ወዲህ ሳጥኑን ሳበራው ሆዴን ይጨመድደኛል እንጂ ወገቤ ጋ አይደርስም። ሆስፒታል ራጅ አነሡኝ። ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ብዙ አየው።

«ሽቦው ቦታውን ለቋል። እዚህ አገር የሚነካልህ የለም» አለኝ።

የመውጫ ፈቃድ ጠየቅሁ፤ «አንዴ ታክመሃል፣ ተራውን ለሌላ ጓድ ተው» ተባልሁ። ለመንሁ፣ ተቆጣሁ፣ ቢሮው ውስጥ አለቀስሁ። ወይ ፍንክች!

ሕመሙ እጥፍ ሆኖ ተመለሰ። መቀመጥ አልቻልሁም፣ መተኛት አልቻልሁም፣ ሞቴን ተመኘሁ። እናቴ ግራ ቢገባት «ወጌሻውን ልድገምልህ?» ስትለኝ ትዕግሥቴ አለቀ። ሸሚዜን ገልቤ ሁሉንም ነገርኋት፤ ጥፋቱ የእሷ ይመስል እየጮህሁ ነገርኋት።

ጉብታውን በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችና እጇን ሰበሰበች።

«እኔንም ፈራኸኝ?» አለችኝ።

እናቴን ፈርቻት ነበር።